አባ ወርቁ ያልማሉት መሐላ

ባለፈው ሳምንት ዓባይ ማዶ ቆሜ ባጃጅ ስጠብቅ አንዲት ሴት ነጠላዬን ከኋላዬ ሳብ አደረገችው። ዞር ብዬ ባያትም አላወቅኋትም፤ ጸጉሯ ሸብቷል፣ መነጽር አድርጋለች። “እትዬ፣ የደሳለኝ እናት አይደሉም?” ስትለኝ ግን በድምፅዋ ለየኋት። አስናቀች ናት፤ ድሮ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ተቀምጣ በመስኮት ወረቀቴን የምትቀበለኝ። አሁን ጡረታ ወጥታለች። ተሳሳምን፤ ስለ ጉልበቴ ጠየቀችኝ፣ ስለ ስኳሯ ነገረችኝ። “ልጅዎስ? ወጣ?” አለችኝ። “ከወጣ ቆየ፤ አግብቶ ወልዷል” አልኋት። “በይቅርታ ነው አይደል የወጣው? ጥፋቱን አምኖ?” “አዎ፣ አምኖ።” በደግነት እጄን መታ መታ አደረገችና፣ “ወይ እትዬ! ያኔውኑ ቢያምን ኖሮ እርስዎም ያን ሁሉ ዓመት አይንከራተቱም ነበር እኮ” አለችኝ። ባጃጁ መጣ፤ ተሰነባበትንና ገባሁ።

ድልድዩን ስንሻገር ቃሏን መልሼ መላልሼ አሰብሁት። ሴትዮዋ ክፉ አልተናገረችም። የተናገረችው ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን ነው፤ ደሳለኝ አጥፍቶ ታሰረ፣ አምኖ ወጣ፣ አለቀ። ልጄ ግን አላጠፋም። ይህን የሚመሰክር አንድ ሰው ነበር፤ ያን ሰው ከዳኛ ፊት ያስቀረሁትም ጠላት ሳይሆን እኔ እናቱ ነኝ። የተማርሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፣ ለጽሑፍ እጄ ከባድ ነው። ቢሆንም ሳልጽፈው እንዳልሞት ፈራሁ። ሁሉን ስፈራ የኖርሁ ሰው ነኝና ይህንንም የምጽፈው ከፍርሃት ነው።

ያኔ ባሕር ዳር ባጃጅ የሚባል ነገር አልገባባትም። ከተማዋ የብስክሌት ነበረች። ጠዋት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛ በብስክሌት ሲግተለተል መንገዱ በደወል ይሞላል፤ ሟቹ ባለቤቴም ከእነሱ አንዱ ነበር፣ የሱሪውን እግር ሰንሰለት እንዳይበላው በልብስ መቆንጠጫ ይዞ። ከሐይቁ ዳር አንድ ደህና ቆሮሶ ዓሣ በሁለት ብር ይገዛ ነበር፤ ዛሬ ዋጋውን ስጠይቅ ሻጩ ፈገግ ይላል፣ እኔም የጠየቅሁት ለመግዛት እንዳልሆነ ያውቃል። ካሴት ቤቶቹ ማጉያቸውን ወደ መንገድ አዙረው የፍቅር ዘፈን ሲለቁ፣ ዳቦ የተላከ ሁሉ ዘፈኑ እስኪያልቅ ተገትሮ ይቀርና ቤት ሲገባ ይቆጡታል። ደሳለኝ በዚያ ዘመን ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ከሳልባጅ ተራ የገዛው ቡናማ ጃኬት ነበረው፤ ዚፑ ስለተበላሸ እኔ ቁልፍ ተከልሁበት። በሚያዝያ ሙቀት እንኳ አያወልቀውም። “አንተ ልጅ፣ ልትቀቀል ነው” ስለው፣ “እማ፣ ሰው ሲያምርበት አይሞቀውም” ይለኝ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጋዘን ረዳት ሆኖ ተቀጥሮ ነበር። ቁልፍ ይይዛል። ልጄ የመንግሥት ቁልፍ መያዙ ያኮራኝም ያስፈራኝም ነበር፤ ማታ ከሥራ ሲገባ በመጀመሪያ የማየው ኪሱን ነበር።

እኔ የዘጌ ልጅ ነኝ። ለጋብቻ ወደ ከተማ ብመጣም የነፍስ አባታችን አባ ወርቁ እዚያው ዘጌ ነበሩ። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ መንኩሰው በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ፣ በቡናው መሀል፣ በአንዲት ትንሽ ጎጆ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ከደሳለኝ በፊት ሁለት ልጆች ወልጄ አላደጉልኝም። ሦስተኛውን ክርስትና ያነሡልኝ፣ ጸሎት የደገሙልኝ፣ አንገቱ ላይ ማተብ ያሰሩለት እሳቸው ናቸው። እኔ ልጄ በሕይወት የቆየው በእሳቸው እጅ ነው ብዬ አምን ነበር። አንድ ቅዳሜ አባ ንዳድ ይዟቸው መውደቃቸውን ሰማሁና መድኃኒት ገዝቼ ደሳለኝን በጀልባ ሰደድሁት። እሑድ ቀትር ላይ ዓይኑ ደፍርሶ ተመለሰ። “ግንባራቸውን በእርጥብ ጨርቅ ሳብስ ነው የነጋብኝ፤ አሁን ደህና ናቸው” አለኝና በላ፣ ተኛ። ሰኞ ፖሊሶች ከሥራ ቦታው ወሰዱት። ለካ ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ መጋዘኑ ተከፍቶ የመዳብ ሽቦ ተዘርፏል፤ ዘበኛው ጋሽ ተገኘም ተመትተው አንድ ዓይናቸው ጠፍቷል። ቁልፉ አልተሰበረም። ጋሽ ተገኘ በጨለማው ውስጥ የደሳለኝን ድምፅ ሰማሁ ብለው ቃል ሰጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የመሰላቸውን ነው የተናገሩት። ባለጀልባው ቅዳሜ ወደ ዘጌ እንዳሻገረው መሰከረ፤ ዐቃቤ ሕጉ ግን፣ “በየብስ መንገድ መመለስና ጠዋት ደግሞ መሄድ ይችላል፤ እዚያ ማደሩን ማን አየ?” አለ።

ማን እንዳየ እኔም ልጄም እናውቃለን። በወህኒ ቤቱ አጥር ማዶ ቆሞ፣ “እማ፣ አባን ንገሪያቸው። ከእሳቸው ሌላ ያየኝ የለም” አለኝ። በማግሥቱ ዘጌ ተሻገርሁ። አባ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ቡና ሲለቅሙ አገኘኋቸው፤ ሁሉንም ነገርኋቸው። የያዟትን ፍሬ አስቀመጡ። “ልጄ፣ እውነቱማ እውነት ነው” አሉኝ ኋላ። “ልጅሽ እንደ አባቱ አድርጎ አስታሞኛል። ነገር ግን እኔ ከዳኛ ፊት እጄን አንሥቼ ምዬ አላውቅም። አባቴም አልማለ፣ አያቴም አልማለ። በዚህ እጅ ‘ከቶ አትማሉ’ የሚለውን ወንጌል ገልጬ እያነበብሁ በዚሁ እጅ ከማልሁ፣ ከዚያ ወዲያ ቀድሼ አላቆርብም። ማንም አይከለክለኝም፤ እኔ ራሴን አውቃለሁ።” ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። “ይሁን እንጂ ልጅሽ ነው። ይምጡ ካልሽኝ፣ እመጣለሁ። አንቺ እወቂ።”

አንቺ እወቂ! በጀልባው ላይ እስከ ባሕር ዳር ድረስ ይህንኑ ቃል ስፈራ መጣሁ። ልጄን ከሞት ያስቀሩልኝን እጅ እኔ ከመቅደስ ባስወጣው ምን ይመጣብኛል አልሁ። ሁለቱ ልጆቼ ትዝ አሉኝ። ደግሞም ዳኞቹ የተማሩ ናቸው፣ ያልሠራን ሰው እንዴት ይፈርዱበታል አልሁ። ለደሳለኝም፣ ለቆመለት ተከላካይ ጠበቃም የነገርኋቸው አንድ ነገር ነው፤ “አባ ሱባኤ ሊይዙ ጎርጎራ ተሻግረዋል፤ የት ገዳም እንደገቡ የሚያውቅ የለም።” ጠበቃው ከፊቱ የተቆለለውን መዝገብ እያየ፣ “እንግዲያው በያዝነው እንሂድ” አለ። ደሳለኝ ግን፣ “አባ እንዲያ በደከመ ሰውነታቸው ተሻገሩ?” ብሎ አዘነላቸው። አሥራ ስድስት ዓመት ፈረዱበት። ያን ቀን ቡናማውን ጃኬት ለብሶ ነበር፤ የተከልሁለት ቁልፍ አንዱ ተበጥሶ እንደተንጠለጠለ ዓይኔ እሱ ላይ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የመንከራተቱ ዘመን መጣ። መሥሪያ ቤቱ የፌዴራል ስለሆነ ክሱም የፌዴራል ነው፣ ባሕር ዳር የታየው በውክልና ነው፣ ይግባኙ አዲስ አበባ ነው አሉኝ። አውቶቡሱ ደጀን ያሳድረናል፤ በማግሥቱ የዓባይን በረሃ ወርደን ስንወጣ ጆሮዬ ይደነቁራል። የመጀመሪያው ይግባኝ አባን ሳይጠቅስ ገባና ፍርዱ ጸና። ያን ጊዜ ነው የነቃሁት። ዳኛ በወረቀት ላይ የሌለውን አያይም። ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት በዋርካው ጥላ ሥር በጽሕፈት መኪና ማመልከቻ ወደሚጽፈው ወደ ጋሽ ሙላት ሄድሁ። ድሮ የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበረ፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት የሱፍ ኮት ከነከረባቱ የማይለየው ሰው ነው። ማልቀስ ስጀምር፣ “እትዬ፣ እንባ በካርቦን አይገለበጥም። ነጥብ ይስጡኝ፣ ነጥብ!” አለኝ። ወረፋ የያዙት ሳቁ፤ እኔም ሳልወድ ሳቅሁ። ያ የካርቦን ሽታ ዛሬ የትም የለም፤ አሁን ሁሉም በኮምፒዩተር ነው፣ ሰውም ስልኩን እያየ ነው ወረፋ የሚጠብቀው።

ስለ አባም፣ ለጠበቃው ስለዋሸሁትም ስነግረው ጋሽ ሙላት ዓይኑ በራ። “ይሄማ ሰበር የሚያስገባ ነገር ነው!” ካለ በኋላ እጁን ከመኪናው ላይ አነሣ። “ምስክሩ መምጣት እንደሚችሉ መቼ ነው ያወቁት?”

“ከመጀመሪያው” አልሁት።

“እንዲያ ብዬ ከጻፍሁ ጉዳዩ ሞተ። በእጅዎ የነበረውን ያኔ ካላቀረቡ ዛሬ አይሰማዎትም። ‘ሱባኤ ላይ ነበሩ፣ ገና አሁን ነው ያገኘኋቸው’ ልበል?”

“ሐሰት እንዳትጽፍ። ማኅተም በሚያርፍበት ወረቀት ላይ ሐሰት አላስገባም።”

“እትዬ፣ በአፍ የዋሸ ሰው በወረቀት ምን ያስፈራዋል? የእርስዎ ጽድቅ እኮ ልጅዎን ሊያስበላው ነው።”

“እንዳልሁህ ጻፍ” አልሁት፤ ጻፈ። ይህንንም ያደረግሁት ከጥንቃቄ ነው። ወራት ቆይቶ መልሱ መጣ። ጣቴን ከፊደሉ ሥር እያስኬድሁ ሦስት ጊዜ አነበብሁት። የአመልካቹ እናት ምስክሩ በሥፍራቸው እንደነበሩና መቅረብ እንደሚችሉ ከመጀመሪያው እያወቁ ያላቀረቧቸው ስለሆነ፣ ጉዳዩን እንደገና ለማየት የሚያበቃ ምክንያት የለም ይላል። ፎቶዬን በወረቀቱ ላይ የለጠፉት መሰለኝ። ለደሳለኝ፣ “ዳኞቹ አልተመቻቸውም፤ ሌላ እናስገባለን” አልሁት። “እሺ እማ” አለኝ።

ሌላ አስገባሁ፤ አባ በእጃቸው የጻፉትን ደብዳቤ አያይዤ። በዚሁ ጉዳይ ቀደም ሲል ውሳኔ ስለተሰጠ አይታይም ተባለ። አሁን ሳስበው አንድን በር ደግሞ ደጋግሞ ማንኳኳት ሰውን ያደነዝዛል። እኔ ልጄን ለማስፈታት የምሄድ ይመስለኝ ነበር፤ ግማሹ ግን ቤቴ ላለመቀመጥ ነበር፣ ቤቴ ስቀመጥ ያ የጀልባ ላይ ሐሳብ ይመጣብኛልና። ባሕር ዳር በዚያው መሀል ተቀየረች። ባጃጅ ገባ፣ ካሴት ቤቶቹ ሞባይል መሸጥ ጀመሩ፣ ባለቤቴ ሞተ፣ ብስክሌቱን ሸጥሁት።

አራተኛውን ማመልከቻ ላስገባ በሄድሁ ቀን አባ ወርቁ ሳይነግሩኝ መጡ። ከጀልባ ወርደው፣ ነጭ ጥምጣማቸውን አሳምረው፣ መስቀላቸውንና ምርኩዛቸውን ይዘው መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ቆመው ደረስሁባቸው። “ልምል መጥቻለሁ” ይሏታል አስናቀችን።

“አባቴ፣ መዝገቡ ተዘግቷል። ለማን ይምላሉ?”

“ለዳኛው ነዋ።”

“ይህን ጉዳይ የያዘ ዳኛ የለም።”

“እንግዲያስ ላንቺ ልማል።”

“እኔ መዝገብ ቤት ነኝ አባቴ፤ ወረቀት እንጂ መሐላ አልቀበልም” አለች አስናቀች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

አባ መስቀል የያዘውን ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። የሚሉትን የሰማ የለም፤ ወረፋ ላይ የነበረው ሕዝብ ሊባርኩት መስሎት ግልብጥ ብሎ መጣና መስቀላቸውን ለመሳለም ይጋፋ ጀመር። አባ በግፊያው መሀል፣ “ኧረ ቆዩኝ፣ እየማልሁ ነው!” ይላሉ። አንዲት ሴት፣ “አባቴ፣ እኔንም ይዳብሱኝ፣ ነገ ቀጠሮ አለኝ” ትላለች። ወደ ጀልባው ሳደርሳቸው፣ “ምያለሁ፤ የሰማኝ ባይኖርም ምያለሁ” አሉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ቀድሰው አላቆረቡም። በሚቀጥለው ፍልሰታ ዐረፉ። የጠበቅሁላቸውን ነገር እሳቸው ራሳቸው ጣሉት፤ ለልጄ ግን ሳይሆን ቀረ።

ከቀብራቸው በኋላ አምስተኛውን ላስገባ ስል ለደሳለኝ ነገርሁት። ስምንተኛ ዓመቱ ነበር፤ ጸጉሩ ከጆሮው በላይ ሳስቷል። “እማ፣ አታስገቢ” አለኝ።

“ለምን?”

“የውሳኔው ግልባጭ ለእኔም ይደርሰኛል እኮ።”

ወረቀቱ ለእሱም እንደሚላክ በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን አስቤው አላውቅም። “ከሁለተኛው ጀምሮ?” አልሁት።

“ከሁለተኛው ጀምሮ።”

አምስት ዓመት ሙሉ፣ በየእሑዱ፣ ሳሙና አምጪልኝ ሲለኝ፣ ሽሮው ጨው አነሰው ሲለኝ፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው ሲለኝ ያውቅ ነበር። “ታዲያ ምነው ዝም አልኸኝ ልጄ?”

“አንቺ ትነግሪኛለሽ ብዬ ስጠብቅሽ።”

ይቅር በለኝ ለማለት አፌን ስከፍት እጁን አነሣ። “ተይው እማ። የይቅርታ ቅጽ አለ፤ እሱን ሙላልኝ ብዬዋለሁ የወህኒ ቤቱን ጸሐፊ። ጥፋትን ማመን ያስፈልጋል፤ ዘበኛውንም በሽማግሌ መታረቅ ያስፈልጋል።”

“ያላደረግኸውን አደረግሁ ልትል?”

“ያላደረግሁትን አላደረግሁም እያልሁ ስምንት ዓመት ታሰርሁ። ከዚህ በኋላ ስምንት ዓመት አልችልም። አንቺም አትችይም።” ለአባ መሐላ ብዬ ዝም ያልሁት እኔ፣ ልጄን ለዚህ አበቃሁት።

ዕርቁ የሆነው በወህኒ ቤቱ ግቢ ነው። ሽማግሌዎቹ ጋሽ ተገኘን እየመሩ አመጧቸው፤ ብዙ አርጅተዋል፣ የጠፋው ዓይናቸው ተከድኖ ቀርቷል። አንዱ ሽማግሌ ደሳለኝን፣ “ድንጋይ ተሸከም” አለው። ከግቢው ጥግ ድንጋይ አንሥቶ ማጅራቱ ላይ አደረገና ተንበረከከ። “ጋሽ ተገኘ፣ በድዬዎታለሁ፣ ስለ እግዚአብሔር ይቅር ይበሉኝ” አለ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ጋሽ ተገኘ ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ያዙ።

“ስለ እግዚአብሔር ይቅር ብያለሁ” አሉ። “እኔ እኮ ልጄ፣ ዓይኔ አይደለም ያነደደኝ። አንተ ‘አልሠራሁም’ ባልህ ቁጥር፣ ድምፁን ተሳስቼ ይሆን? የሰው ልጅ በከንቱ አሳስሬ ይሆን? እያልሁ ስንት ዓመት እህል አልበላልህ ብሎኝ ኖረ። እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ዛሬ ገላገልኸኝ።” ድንጋዩን አወረዱለት፤ አቅፈውም ሳሙት። ከዚያ በደህናው ዓይናቸው እኔን ፈልገው አገኙኝ። “የደሳለኝ እናት፣ እንግዲህ አንቺም ዕረፊ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል” አሉኝ።

ሽማግሌዎቹ በአንድ ድምፅ አሜን አሉ። ደሳለኝ ከተንበረከከበት ቀና ብሎ አየኝ፤ ሁሉም የእኔን ቃል ይጠብቁ ነበር።

እኔም አሜን አልሁ።